ከአዲስ አበባ ጉብኝት የተመለሰች ተማሪ ያሰማችው ንግግር

(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ላልተገኙ የኖፓ ነዋሪዎች ሲባል እንዳለ ቀርቧል።)



«ያያችሁትን ለሰፈሩ ሰው አስረዱ» ስለተባልን እነሆ እፊታችሁ ቆሜአለሁ። ንግግር አልለመድኩምና ብሳሳት ይቅርታ አድርጉልኝ።

ከመቱ አዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በበደሌ በኩል አድርገን ጅማ አደርንና በማግሥቱ ገባን። የቆየነው አራት ቀን ብቻ ነው። ለዚያች አራት ቀን አባቴ ለክፉ ቀን ያስቀመጠውን ጀንፈል ቡና ሸጧል። ስለዚህ ያየሁትን አሳምሬ ሳይሆን በትክክል መናገር አለብኝ።

መጀመሪያ ያስደነገጠን ግርግሩ ነበር። የታክሲው ረዳት «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እያለ ሲጣራ አንዱ ጓደኛችን «ፓስፖርት የለንም እኮ!» ብሎ አሳቀን። ሜክሲኮ ለካ አደባባይ ኖሯል።

በሁለተኛው ቀን አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ገብተን በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ ስለተገኘችውና 3.2 ሚሊዮን ዓመት ስላስቆጠረችው ድንቅነሽ ተማርን። ከዚያ በእግራችን ወደ ስድስት ኪሎ ወጣን። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ለተጨፈጨፉት ሰማዕታት የቆመውን ሐውልት አይተን፣ ዱሮ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ወደነበረው ዩኒቨርሲቲ ገባን። መጻሕፍቱንና የተማሪውን ብዛት ሳይ፣ አልዋሽም፣ እዚያው በቀረሁ ብዬ ተመኘሁ።

እዚያ ያስጎበኙን አባት «ከየት ናችሁ?» አሉን።

«ከኢሉባቦር፣ ከኖፓ።»

ፊታቸው በራ። «የጎሬ ጎረቤቶች ናችኋ! እስቲ ስለ ጎሬ ንገሩኝ» አሉ።

እርስ በርስ ተያየን። አንድ ልጅ «ከመቱ በፊት የኢሉባቦር ዋና ከተማ ነበረች» አለ። ከዚያ ወዲያ የተነፈሰ የለም።

እሳቸው ራሳቸው ነገሩን። በ1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባን ሲይዝ ነገሩ በዚያ አላበቃም። ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆነው ጎሬን መቀመጫቸው አደረጉ። ጠላት ጎሬ የገባው በኅዳር 1929 ዓ.ም. ነው። ራስ እምሩም በታኅሣሥ ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተማረኩ። ዋናው ከተማ በጠላት እጅ ወድቆ ሳለ፣ የአገሪቱ መንግሥት በእኛው ደን መካከል ወራት ቆይቷል ማለት ነው።

አፈርኩ። ጎሬ ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። እኔ ግን ይህን ለመስማት 600 ኪሎ ሜትር ሄድኩ።

ቤት ስመለስ ለእናቴ ብነግራት፣ «አያትሽ ይህን ከአባታቸው ሰምተው ቡና ላይ ሲያወሩ አንቺ አልነበርሽም እንዴ?» አለችኝ። ነበርኩ። ሲኒ አቀርብ ነበር፤ ጆሮዬን ግን አላቀረብኩም። አያቴ አምና ዐርፈዋል። አሁን ማንን ልጠይቅ?

ስለዚህ እኛ ተማሪዎች አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቡና ሲፈላ ደብተር ይዘን እንምጣ። ታላላቆቻችን ከወላጆቻችሁ የሰማችሁትን፣ በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ፣ እንደመጣላችሁ ንገሩን፤ እኛ እንጽፋለን። ደብተሩ በማኅበሩ ቤት ይቀመጥ፤ የፈለገ ያንብበው። ከእኛ በኋላ የሚሄዱ ልጆች «እስቲ ስለ አገራችሁ ንገሩን» ሲባሉ እንደ እኛ አንገታቸውን አይድፉ።

ያን ጊዜ አባቴ የሸጠው ቡና በከንቱ አልሄደም እላለሁ።