ስለ ጃፓንና ስለ ምዕራባውያን የሥዕል ታሪኮች የተደረገ ንግግር



ለትምህርት ቤታችን በዓል በግድግዳው ላይ የለጠፍነውን የቡና ለቀማ የሥዕል ታሪክ ሁላችሁም አይታችሁታል። ብዙዎቻችሁም፥ «የእነዚህ ልጆች ዓይን ምነው እንዲህ ተለቀ? የጃፓን ሥዕል ቀድታችሁ አመጣችሁብን» ብላችሁናል። ወቀሳው ከንቱ ስላልሆነ እኛ የሥዕል ክበብ አባሎች መልስ ልንሰጥ ቆመናል። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

እርግጥ ነው፤ ቀድተናል። ነገር ግን ጃፓኖችም ቀድተዋል። በ1947 «አዲሱ የሀብት ደሴት» በተባለው ሥራ ስሙ የገነነው ኦሳሙ ቴዙካ የአሜሪካዊውን የዋልት ዲዝኒን ተንቀሳቃሽ ሥዕሎች እጅግ ይወድ ነበርና ትልልቆቹን ዓይኖች ከዚያ ተማረ። ብድሩም ተመለሰ፤ አሜሪካዊው ፍራንክ ሚለር በ1983 «ሮኒን»ን ሲያወጣ የጃፓን ሰይፈኞችን የሥዕል ታሪክ አጥንቶ ነበር። በጃፓንም ቢሆን አሣሣሉ አንድ ብቻ አይደለም፤ ካትሱሂሮ ኦቶሞ በ1982 በጀመረው «አኪራ» የሰዎቹ ዓይኖች ትንንሽ ናቸው።

የእኛስ አባቶች? በ17ኛው መቶ ዓመት ሠዓሊዎቻችን በ1591 ገደማ በሮም ከታተመው ባለ ሥዕል የዓረብኛ ወንጌል የሰዎቹን አቋቋም ወስደዋል፤ ወስደው ግን በራሳቸው ቀለምና መስመር ሠሩት። ትልቅ ዓይንም ቢሆን ከቶኪዮ የመጣብን እንግዳ አይደለም፤ ከየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሲመለከተን የኖረ ነው። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በአንድ ሸራ ላይ በተርታ ከፋፍለው የሚሥሉት ሠዓሊዎቻችንም ታሪክን በሥዕል ማስነበብ ያውቁበታል። የእነርሱ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል፤ የጃፓኑ ግን ከቀኝ ወደ ግራ ነው። (ይህን ባለማወቅ አንዳንዶቻችን መጽሐፉን ከመጨረሻው ጀምረን ጨርሰነዋል።)

ጥፋታችን ሌላ ነው። ትናንት አንዲት እናት ሥዕሉን ብዙ ጊዜ ሲመለከቱ ቆይተው፥ «ልጆቼ፥ ጥላ ዛፉ የታለ? ከጓሮውስ እንሰቱ የት ሄደ?» አሉን። አፈርን። ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ ስንመላለስ የምናየው ቡና በዛፍ ጥላ ሥር ነው፤ እኛ ግን በገላጣ ሜዳ ላይ አቆምነው፤ ቤቱንም የጃፓን ጣራ አለበስነው። በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ቀዩና አረንጓዴው ፍሬ አብሮ እንደሚታይ፣ ለቃሚዋም ቀዩን መርጣ እንደምትለቅም እያወቅን ሁሉንም ቀይ ቀባነው።

ዓይኖቹ እንዳሉ ይቆያሉ። ሦስተኛውንና አራተኛውን ገጽ ግን ቀድደን እንደገና ጀምረናል፤ እኚያም እናት ቅዳሜ ጓሯቸውን ሊያሳዩን ቀጥረውናል።