ስሙ የማይጠራው

እሱ፦ መንዝ ውስጥ ካንሰርን በስሙ የሚጠራው ስንቱ ነው? «ያ ክፉ በሽታ» ይባልና ይታለፋል።

እሷ፦ ጥናቶችም የሚሉት ይህንኑ ነው፤ በአገራችን አብዛኞቹ የጡት ካንሰር ታማሚዎች ሐኪም ፊት የሚቀርቡት በሽታው 3ኛ ወይም 4ኛ ደረጃ ከደረሰ በኋላ ነው።

እሱ፦ የጡቱ እብጠት መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ አያምማ! ለማያምም ነገር ማን ከመንዝ መሐል ሜዳ አዲስ አበባ ድረስ ይወርዳል? ጸበል ይቀድማል።

እሷ፦ ጸበሉም ሐኪሙም ይሁን። የማኅፀን በር ካንሰር ምርመራም እኮ ቀላል ነው፤ ኮምጣጤ መሰል ፈሳሽ ሲቀባ የታመመው ቦታ ይነጣል። ከ30 እስከ 49 ዓመት የሆናችሁ ሴቶች፣ ጠይቁ።

እሱ፦ ኮምጣጤ? አጃኢብ ነው!

እሷ፦ ካንሰሩ ከተገኘ በኋላ የጨረር ሕክምናው ግን ለዓመታት አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ልጆቿን ትታ፣ ሰው ቤት አድራ ወረፋ የምትጠብቅ እናት ድባቴ ቢይዛት ይገርማል?

እሱ፦ እኛ «አይዞሽ፣ ጠንከር በይ» እንላታለን።

እሷ፦ «እንቅልፍ ይወስድሻል ወይ?» የሚላት ነው የጠፋው።