ለሚፈራው ልጅ ስፍራ
(በበዓሉ ዕለት የተነገረ ቃል)



ከበሮ ሲመታ፥ እልልታ ሲበዛ፥ ጆሮውን ይዞ የሚጮህ ሕፃን ቢታይ ብዙ ሰው «ያልተቀጣ ነው» ብሎ ይፈርዳል። እናቱም አፍራ ትሄዳለች፤ ከዚያ ወዲያ በቤት ትሸሽገዋለች። ነገር ግን ኦቲዝም ላለበት ልጅ ድምፅና ግርግር ከሌላው ይልቅ ሊበረታበት ይችላል፤ ጩኸቱም ፍርሃት እንጂ ድፍረት አይደለም።

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን ትምህርት ቤቶች ባይቀበሉላቸው አልሸሸጉትም፤ በ2002 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ እንጂ።

ማዕከል በሌለበት አገር ግን ርዳታው ከምድጃ ዳር ይጀምራል፤ የመብሉንና የመኝታውን ሰዓት አለመለዋወጥ፥ በበዓል የሚያየውንና የሚሰማውን አስቀድሞ መንገር፥ ሕዝቡ ሳይበዛ መድረስ፥ ሲጨንቀው ከዛፍ ጥላ ማሳረፍ፥ ሲረጋጋ መመለስ ነው።

ደብረ ኤልያስ የቅኔ አገር ነው። ተማሪው ለብቻው ሆኖ ቅኔ ይቈጥራል፤ ተመልሶም ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ሰምቶ ያርመዋል። ለአንድ ቅኔ መቃናት ይህን ያህል የሚታገሥ አገር፥ ጭንቀቱን በቃል መናገር ለተሳነው ሕፃን መታገሥ አያቅተውም። እንግዲህ ያች እናት በመጣች ጊዜ ዓይን አይብዛባት፤ ስፍራ ይለቀቅላት።