ዘይት የጠጣ መሬት እንዴት ይድናል?

(የማኅበራችን ጸሐፊ በጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያሰሙት ንግግር)



የዛሬው አጀንዳ እንደምታውቁት ድሮ ጋራዥ የነበረበት ባዶ ቦታ ነው። ወጣቶቹ ጎመን እንትከልበት ብለዋል። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ያ መሬት ለዓመታት የተቃጠለ ዘይትና ናፍጣ ሲፈስበት ኖሯል። ዝናብ ሲመጣ በቦዩ አድርጎ ሁሉቃ ይገባል፤ ሁሉቃ ወደ ጉደር፣ ጉደር ወደ ዓባይ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንደሚያስረዳው፣ ከአንድ መኪና አንድ ጊዜ የሚቀየር ዘይት ወደ 3.8 ሚሊዮን ሊትር ንጹሕ ውሃ ሊበክል ይችላል። ስለዚህ «አፈሩን ዝቀን ወንዝ ዳር እንድፋው» የሚለው ሐሳብ በሽታውን ወደ ጎረቤት ማሻገር ነው።

ከወጣቶቹ አንዱ «በኤሌክትሪክና በባክቴሪያ ይጸዳል ይባላል፤ እውነት ነው ወይ?» ብሎ ጠይቋል። አዎን፣ እውነት ነው።

አፈር ውስጥ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች አሉ። እርሾ ሊጡን እንደሚያቦካው ሁሉ፣ እነሱም ዘይቱን እየበሉ ወደ ውሃና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጡታል። ግን አየር፣ እርጥበት፣ ሙቀትና ማዳበሪያ ይሻሉ። እ.ኤ.አ. በ1989 ኤክሰን ቫልዴዝ የተባለች መርከብ አላስካ ላይ ወደ 40 ሚሊዮን ሊትር ድፍድፍ ነዳጅ ባፈሰሰች ጊዜ፣ ባሕሩ ዳር ማዳበሪያ የተረጨው ለዚሁ ነበር።

ኤሌክትሪኩስ? ከመሬቱ በታች አየር ሲያጥር ሥራው ይዘገያል። እ.ኤ.አ. በ1987 አሜሪካዊው ሳይንቲስት ዴሬክ ላቭሊ ከፖቶማክ ወንዝ ደለል ውስጥ ያለ አየር የሚኖር ባክቴሪያ አገኙ። እንዲህ ያሉ ባክቴሪያዎች የከሰል ዘንግ ሲቀበርላቸው በአየር ፋንታ እሱን እንደሚጠቀሙበት በኋላ በምርምር ታወቀ። ሌላም መንገድ አለ። ሁለት ዘንግ ተተክሎ በመካከላቸው እንደ ባትሪ ኮረንቲ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄድ ኃይል ሲያልፍ፣ እርጥበቱንና ማዳበሪያውን አፈር ውስጥ ያንቀሳቅሳል። እርሳስን የመሰለ ብረት ደግሞ ባክቴሪያ በልቶ አያጠፋውም፤ ኮረንቲው ግን ወደ ዘንጉ ስቦ ሊሰበስበው ይችላል።

ይኼ የባለሙያ ሥራ ነው። ማንም ሰው ከቤቱ መስመር ስቦ እርጥብ መሬት ላይ ሽቦ እንዳይሰካ አደራ እላለሁ። ሰው ይሞታል!

እንግዲህ በአቅማችን ልንሠራ የምንችለውን ላቅርብ፦

1. አፈሩ ተመርምሮ ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ የሚበላ ነገር አይተከልበት። ለምርመራው ለአምቦ ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ እንጻፍ።

2. ክረምት ሳይገባ ዙሪያውን እርከን ሠርተን ጎርፉ ወደ ቦዩ እንዳይወርድ እናግድ።

3. አፈሩን ከበሰበሰ ፍግና ከገለባ ጋር ቀላቅለን፣ እያረጠብን፣ በየጊዜው እናገላብጠው። ባክቴሪያዎቹ አየርና ቀለብ የሚያገኙት በዚህ ነው። ወራት ይፈጃል፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሥራው በጓንትና በቦቲ ይሁን፤ ልጆች አይቅረቡ።

4. ጋራዥና ወፍጮ ቤት ያላችሁ ወገኖች የተቃጠለውን ዘይት ክዳን ባለው በርሜል አጠራቅሙ። አዲስ ዘይት እየፈሰሰበት የሚድን መሬት የለም።

ጎመኑ ይቆየን እንጂ አይቀርብንም። ልጆቻችን ዘይት ከሚበሉ፣ ባክቴሪያው ቢበላልን ይሻላል። በአራቱም ነጥብ ላይ ተወያይታችሁ እጅ በማውጣት ትወስኑ ዘንድ እጠይቃለሁ።