የሞጣ ሴቶች የመምረጥ መብት ታሪክ እንዴት ይጻፋል?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



መሐንዲስ ስለ ሴቶች የመምረጥ መብት ታሪክ ሊናገር ሲነሣ «አንተን ምን አገባህ?» መባሉ አይቀርም። መልሴ አጭር ነው። በሙያችን ሁለት ዓይነት ንድፍ እናውቃለን፤ አንደኛው ከሥራው በፊት የሚነደፈው ሲሆን፣ ሁለተኛው ሥራው ካለቀ በኋላ በእርግጥ የተሠራውን ለክቶ የሚያሳየው ነው። የሴቶቻችን የመምረጥ መብት የመጀመሪያው ንድፍ፣ ማለትም ሕጉ፣ በእጃችን አለ። ሁለተኛውን ንድፍ ግን በየአገሩ ሄዶ መለካት ያስፈልጋል። እኔ ለምሳሌ የመረጥኩት ሞጣን ነው።

በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ የሕግ መምሪያ ምክር ቤትን አባሎች መኳንንቱና ሹማምንቱ እንዲመርጡ አዝዞ ነበር። በጥቅምት 1948 ዓ.ም. የዘውዱ 25ኛ ዓመት በዓል ሲከበር የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ግን 21 ዓመት ለሞላው ኢትዮጵያዊ ሁሉ፣ ወንድ ሴት ሳይል፣ የመምረጥ መብት ሰጠ። የመጀመሪያው ምርጫ በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ ተደረገ። በጠላት ወረራ ዘመን በኢጣልያ በአዚናራ ደሴት የታሰሩት፣ በኋላም የእቴጌ መነንን ትምህርት ቤት የመሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በዚያ ምርጫ ለምክር ቤቱ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ወይዘሮ ስንዱ በወጣትነታቸው የተማሩት በስዊስ አገር ነበር፤ የስዊስ ሴቶች በፌዴራል ምርጫ ድምፅ የመስጠት መብት ያገኙት ግን እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ተማሪዋ የመምህሮቻቸውን አገር በ14 ዓመት ቀደሙ ማለት ነው።

የእንግሊዝ ሴቶች ሰልፍ ወጥተው፣ ታስረው፣ በወኅኒ ምግብ አንበላም ብለው ታግለዋል። መብቱ እ.ኤ.አ. በ1918 ከ30 ዓመት በላይ ለሆኑት በከፊል፣ በ1928 ደግሞ ከወንዶች እኩል ተሰጣቸው። ታሪካቸውን የሚጽፍ ሰው የፖሊስ መዝገብና የጋዜጣ ክምር ይጠብቀዋል። በእኛ አገር መብቱ በሕግ ከላይ የወረደ ስለ ሆነ በሞጣ እንዲህ ያለ ሰነድ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ሕጉ ሞጣ ሲደርስ ማን ተመዘገበ? ማንስ ድምፅ ሰጠ?

ሞጣ ለዚህ ጥያቄ የተመቸ አገር ነው። የሞጣ ጊዮርጊስን ደብር በ18ኛው መቶ ዓመት የመሠረቱት የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ናቸው። በጎጃም ርስት ለወንድም ለሴትም ልጅ ይወርድ ነበር። ዶናልድ ክረሚ የተባሉት የታሪክ ሊቅም እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጡት ጥናት በጎንደር ዘመን ሴቶች ባለርስት እንደ ነበሩ አሳይተዋል። ይህ ተራ ዝርዝር አይደለም፤ የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ዕጩው በምርጫ ክልሉ ንብረት ያለው እንዲሆን ያዝዝ ነበርና፣ ባለርስቷ ሴት በሕግ ፊት መምረጥ ብቻ ሳይሆን መመረጥም ትችል ነበር። ስለዚህ አጥኚው ከምርጫ መዝገብ በፊት የግብር መዝገብን ቢያይ ይበጀዋል። ግብሩ በሴቲቱ ስም ይገባ ነበር ወይስ በባሏ ወይም በወንድሟ ስም?

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። የጎጃም ባለርስት ቀላድን እምቢ ያለ ሰው ነው፤ በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት በተነሣው አመጽም ሞጣና ቢቸና ግንባር ቀደም ነበሩ። እንዲህ ባለ አገር መዝገብ ይዞ ስም የሚጽፍ የመንግሥት ሰው «ለምርጫ ነው» ቢልም ለግብር ነው ተብሎ ቢጠረጠር አያስደንቅም። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ የሴት ስም ቢታጣ፣ ሴቶቹ ተከልክለው ነው ብሎ መደምደም ችኮላ ይሆናል። ራሳቸው አልጻፍም ብለውም ሊሆን ይችላል፤ እንቢታም ታሪክ ነው።

ስምን ተከትሎ መሄድ በእኛ አገር ከውጭው ይቀላል። እንግሊዛዊቷ ስታገባ በአባቷ ስም መጠራቷ ስለሚቀር ከመዝገብ ትሰወራለች፤ የሞጣዋ ሴት ግን እስከ ዕለተ ሞቷ በአባቷ ስም ትጠራለች። ችግሩ የሚመጣው በስተርጅና ነው። ብዙዎች ቆብ ጭነው እማሆይ ሲባሉ ስማቸው ይለወጣልና፣ በ1950 ዓ.ም. የተጻፈውን የዓለም ስማቸውን መጠየቅ ግድ ነው።

ዘመኑን መለየትም እንደዚሁ ነው። በ1950፣ በ1953፣ በ1957፣ በ1961ና በ1965 ዓ.ም. አምስት ምርጫዎች ተደርገዋል፤ በ1979 ዓ.ም. የተደረገው የብሔራዊ ሸንጎ ምርጫም በትዝታ ውስጥ ከእነርሱ ጋር ሊደባለቅ ይችላል። ባልቴቲቱን ዓመተ ምሕረት ከመጠየቅ ይልቅ ክስተት መጠየቅ ይሻላል። ከታኅሣሥ ግርግር በፊት ነው ካሉ የ1950ው ብቻ ነው፤ ከጎጃም አመጽ በኋላና ከአብዮቱ በፊት ነው ካሉ ደግሞ የ1961ዱ ወይም የ1965ቱ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ጊዜ አይሰጥም። በ1950 ዓ.ም. 21 ዓመት የሞላት ሴት የተወለደችው በ1929 ዓ.ም. ወይም ከዚያ በፊት ነው፤ በ2018 ዓ.ም. ከሁሉም ታናሿ 89 ዓመቷ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭትም በየወረዳው ያሉትን አሮጌ መዛግብት ለአደጋ አጋልጧል። ከእኛ መካከል ለመንገድና ለውኃ ሥራ በዚያ የሚያልፉ አሉ። ከአካባቢው ሰው ፈቃድ አግኝተው አንድ መዝገብ ገጽ በገጽ ፎቶግራፍ ቢያነሡና ቅጂውን ለብሔራዊ ቤተ መዛግብት ቢያስረክቡ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው።

እማሆይን ለመጠየቅ የሚቀመጥም «መርጠው ነበር?» ብሎ አይጀምር፤ የዚህ መልስ «አዎ» ወይም «አይ» ሆኖ ይቀራል። «ስምዎን የጻፈው ማን ነበር? ሲጻፍስ አጠገብዎ ማን ቆሞ ነበር?» ይበል። የሚሰማውንም በጎጃም አነጋገሩ፣ ሳያርም ይጻፈው።