ዓሣው ደህና ሆኖ ኮራሉ ሲከሳ
በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ከአባላት በአንዷ የቀረበ ንግግር



ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ሦስት አባላት ሆነን ስለያዝነው የአኳሪየም እንክብካቤ ሥራ ነው። ብዙዎቻችሁ «ዓሣ አጣቢዎቹ» ትሉናላችሁ፤ እኛም ስቀን እናልፋለን። ባለፈው ስብሰባ ግን የሂሳብ ሪፖርት ሲቀርብ «እነዚህ ልጆች ብድር የጠየቁት ለኮራል መግዣ ሳይሆን ለመለኪያ ዕቃ መግዣ ለምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ተገቢ ጥያቄ ነው። ገንዘቡ የሁላችንም ላብ ነውና በአንድ ደንበኛችን ዘንድ የደረሰውን በመንገር ልመልስ።

አስቀድሜ ስለ ኮራል ትንሽ ልበል። ኮራል ተክል ይመስላል፤ ነገር ግን እንስሳ ነው። አንዳንዱ ከሥሩ ድንጋይ እየሠራ ያድጋል። እኛ በብዛት የምንይዘው ለስላሳውን ነው፤ ድንጋይ አይሠራም፣ በውሃው ውስጥ ይወዛወዛል። እንደ ቆዳ የሚለሰልሰው ሌዘር ይባላል። እንደ ሕፃን መዳፍ የሚከፈትና የሚዘጋው ዜንያ ነው። እንደ ትንንሽ አበባ የሚፈካው ዞአ፣ እንደ እንጉዳይ የተዘረጋው ደግሞ መሽሩም ይባላል። ሊቃውንቱ ዞአንና መሽሩምን ከለስላሳ ኮራል ወገን አይቆጥሯቸውም፤ በሱቅ ግን አብረው ይሸጣሉ፣ እኛም አብረን እንጠራቸዋለን። በሁሉም ሥጋ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን አልጌዎች ይኖራሉ። ኮራሉ አከራይ ነው፣ አልጌዎቹ ተከራዮች ናቸው፤ የቤት ኪራዩን የሚከፍሉት ከብርሃን በሚሠሩት ምግብ ነው። ተከራዩ ሲቸገር አከራዩም ይራባል። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልገዋለን።

እኔ ከዚህ ነገር ጋር የተዋወቅሁት ጅዳ በሰው ቤት ስሠራ ነው። ሳሎናቸው ውስጥ ግድግዳ የሚያህል የባሕር ውሃ አኳሪየም ነበር፤ የሚንከባከበው ሰውዬ ሲመጣ ባልዲ የምይዝለት እኔ ነበርሁ። ቀይ ባሕር ከተለመደው ውቅያኖስ ይልቅ ጨዋማ መሆኑን የሰማሁት ከእሱ ነው። የውቅያኖስ ውሃ በኪሎ 35 ግራም ገደማ ጨው ሲኖረው የቀይ ባሕር ወደ 40 ይጠጋል። ሌዘርም ዜንያም በሁለቱም ቦታ ይኖራሉ። ስለዚህ ኮራልን የሚገድለው ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ራሱ ሳይሆን የቁጥሩ ድንገት መለዋወጥ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። አርሊንግተን ውስጥ አንድ ያገራችን ልጅ የጥርስ ክሊኒክ አለው። በመጠበቂያ ክፍሉ 75 ጋሎን፣ ማለትም 284 ሊትር ገደማ የሚይዝ አኳሪየም አስቀምጧል። ሥራውን ከሌላ ድርጅት የተረከብነው በጥር ወር ነበር። ስንረከበው ኮራሉ መክሳት ጀምሮ ነበር። ዜንያው መዳፉን መዘርጋት አቁሟል፣ ዞአዎቹ ተጨብጠው ይውላሉ፣ ሌዘሩ ገርጥቷል፣ መሽሩሞቹ እንደ ሳንቲም አንሰዋል። ዓሣዎቹ ግን እየበሉ ይጫወታሉ። ዶክተሩ «እስከ ፋሲካ ካልዳነ አውጥታችሁ የፕላስቲክ አስገቡልኝ፤ ለፕላስቲክ ደግሞ ጠባቂ አልቀጥርም» አለን። ይህ ውል ካሉን ሁሉ ትልቁ ነው። ከሦስታችን አንዷ የቤት ኪራይዋን የምትከፍለው ከዚያ ነው።

እንዲህ ሲሆን ሰው ሁሉ የሚሮጠው ወደ ሱቅ ነው። ሱቅ ውስጥ ለእያንዳንዱ ሕመም አንድ ጠርሙስ አለ። እኛ ግን ምንም ሳንጨምር ቁጭ ብለን ማየት ጀመርን። ወንበር ስበን ከመስታወቱ ፊት አንድ ሰዓት ስንቀመጥ የክሊኒኩ ሰዎች ሥራ የፈታን ሳይመስላቸው አልቀረም።

የተዘጋ ኮራል ሁሉ የታመመ አይደለም። ሌዘር በየጊዜው ይዘጋል፤ ላዩ እንደ ሰም ያብረቀርቅና ለቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንት በላይ እንደዚያው ይቆያል። ከዚያ ስስ ሽፋኑን ገፎ ይጥልና እንደገና ይከፈታል። ይህን የማያውቅ ሰው «ሞቷል» ብሎ ይጥለዋል። የሚያስፈራው ሥጋው ሲበሰብስ፣ ሲሸትና ቡናማ ዝልግልግ ነገር ሲወጣው ነው። ያኔ የበሰበሰውን ቆርጦ ጤነኛውን ማዳን ይቻላል።

ሁለተኛው የምናየው ማን እንደታመመ ነው። አንድ ዓይነት ብቻ ከታመመ ምክንያቱን እዚያው ዙሪያ እንፈልጋለን። ለምሳሌ ዞአን ብቻ የሚበሉ፣ ቀለማቸው ዞአውን ራሱን የሚመስል ጥቃቅን ቀንድ አውጣዎች አሉ፤ መብራት ከጠፋ በኋላ በባትሪ ነው የሚገኙት። በአንድ ወገን ያሉት ብቻ ከታመሙ የውሃው ግፊት፣ ብርሃኑ ወይም ክፉ ጎረቤት ይሆናል። ለስላሳ ኮራሎች እርስ በርስ መርዝ ይረጫሉና፤ በሰፊው ባሕር ይታጠባል፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ግን ይጠራቀማል። የከሰል ማጣሪያ የምናስገባውና በየወሩ የምንቀይረው ለዚህ ነው። ዶክተሩ ዘንድ ግን ሁሉም ዓይነት፣ በሁሉም ቦታ ነው የከሳው። እንዲህ ሲሆን ጥርጣሬው ወደ ውሃው ወይም ወደ መብራቱ ይዞራል።

መብራቱ አልተቀየረም፣ የሚበራበት ሰዓትም ያው ነው። ሙቀቱን በሁለት ቴርሞሜትር ለካን፤ 25 ዲግሪ ነው። ጨዉን ለካን። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጨው የሚለካበት ሪፍራክቶሜትር በንጹህ ውሃ ብቻ ከተስተካከለ በጨዉ በኩል ሊያሳስት ይችላል፤ ልኩ 35 ከሆነ ማስተካከያ ፈሳሽ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል። ደግሞም ከአኳሪየም የሚተነው ውሃው ነው፣ ጨዉ ይቀራል። እሳት ላይ የተረሳ ወጥ ጨው እንደሚበዛበት ማለት ነው። ስለዚህ የጎደለው የሚሞላው ጨው በሌለው ውሃ ነው። የእኛ 1.026 ሆኖ ተገኘ፤ ልክ ነው። አልካሊኒቲው 8.5፣ አሞንያው ዜሮ።

ዓሣው ደህና ሆኖ ኮራሉ ሲታመም መዳብም ይጠረጠራል። ለዓሣ መድኃኒት ተብሎ የሚጨመረው መዳብ ዓሣውን ሲፈውስ ኮራሉን ይገድላል። የመስታወት መጥረጊያው ማግኔት ተሰንጥቆ ሲዝግም ብረቱ ወደ ውሃው ይገባል። ማግኔቱን አየን፣ ደህና ነው። የቤት መመርመሪያው ትንሽ መዳብ ስለማያሳይ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ላክን፤ እሱም ንጹህ ሆኖ መጣ።

ከዚያ የምንሞላበትን ውሃ አየን። በዋሽንግተን አካባቢ ለምትኖሩ ይህ የእናንተም ጉዳይ ነው። የዋሽንግተንና የአርሊንግተን የቧንቧ ውሃ በአብዛኛው ዓመት የሚታከመው በክሎራሚን ሲሆን፣ በየጸደዩ ግን ቧንቧውን ለማጽዳት ለጥቂት ሳምንታት ወደ ክሎሪን ይለወጣል። ሁለቱም ለኮራል መርዝ ናቸው። ውሃውን የምናጣራበት መሣሪያ ከሰሉ ካረጀ ክሎራሚን ያልፋል። በውሃ ውስጥ የሟሟ ነገር የምትለካው ትንሿ እስክሪብቶ መሰል መለኪያ ደግሞ ዜሮ ብታሳይም ክሎራሚን የለም ማለት አይደለም፤ እሷ አታየውም። ለብቻው መመርመር አለበት። መረመርን፣ የለም።

የቀሩት ናይትሬትና ፎስፌት ነበሩ። ሁለቱም ዜሮ። ዶክተሩ ውጤቱን ሲያይ ደስ አለው፤ «ታዲያ ንጹህ ነው ማለት አይደል?» አለ። አዎ፣ ንጹህ ነው። ኮራሉን የገደለው ንጽሕናው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከእኛ በፊት መስታወቱ ላይ አረንጓዴ አልጌ በዝቶ ሲያስቸግር፣ አንድ ሱቅ ፎስፌት የሚመጥ የማጣሪያ ፍሬ ሸጦለታል። «በየሳምንቱ ቀይሩ» ስላሏቸውም የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ሳታጓድል ትቀይር ነበር። የውሃውን ቆሻሻ በአረፋ የሚያወጣው ስኪመርም ሌት ተቀን ይሠራል። ዓሣዎቹ ሦስት ትንንሾች ብቻ ናቸው፣ የሚመገቡትም በሁለት ቀን አንዴ ነው። ቅድም ያዙልኝ ያልኋችሁ ተከራዮች ከብርሃን በተጨማሪ ናይትሬትና ፎስፌት ይፈልጋሉ። ለስላሳ ኮራል ደግሞ ትንሽ «ቆሻሻ» ያለበትን ውሃ ይወዳል። እኛ ናይትሬት ከ5 እስከ 10፣ ፎስፌት 0.05 አካባቢ ሲሆን ደስ ይለናል። አሸዋው ላይም አንድ ምልክት ነበር፤ አረፋ የያዘ ቡናማ ንፍጥ መሰል ክር። ዳይኖፍላጄሌት ይባላል፤ ውሃው እንዲህ ሲራቆት ብዙ ጊዜ ብቅ የሚለው እሱ ነው።

ዜሮ ሁሉ ግን ረሃብ ነው ብላችሁ እንዳትይዙ። አልጌ በሞላበት አኳሪየም ውስጥ አልጌው ፎስፌቱን እየበላው መለኪያው ዜሮ ሊያሳይ ይችላል። ቁጥሩም ዓይንም አብረው መታየት አለባቸው።

መፍትሔው ከጠርሙስ አልመጣም። በመጀመሪያው ሳምንት የማጣሪያ ፍሬውን አወጣን፤ ሌላ ምንም አልነካንም። በሁለተኛው ዓሣዎቹ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እንዲመገቡ አደረግን። በሦስተኛው ስኪመሩን ለግማሽ ቀን ብቻ እንዲሠራ አደረግን። አንድ ላይ ብናደርገው ይፈጥን ነበር፤ ግን የትኛው እንደጠቀመ፣ የትኛውም እንደጎዳ አናውቅም ነበር። ደግሞ የተራበን ሰው በአንድ ጊዜ አያጠግቡትም። በወሩ መጨረሻ ፎስፌቱ 0.04፣ ናይትሬቱ 4 ደረሰ። መጀመሪያ የተከፈቱት ዞአዎቹ ናቸው። ሌዘሩ ሽፋኑን ሁለት ጊዜ ገፎ ቀለሙ ተመለሰ። ዜንያው ከአንዲት ቅርንጫፍ በቀር አልተረፈም። ፋሲካ ሲደርስ ዶክተሩ ስለ ፕላስቲክ አላነሣም፤ ውሉም ታድሷል።

ወደ ብድሩ ስመለስ፣ በቀለም ካርድ የሚለካ መመርመሪያ ብዙ ጊዜ 0ን ከ0.05 በቀላሉ አይለይም፤ ሁለቱም ለዓይን ውሃ ይመስላሉ። በዲጂታል መለኪያ ግን ይታያል። ያን ጊዜ የለካነው ከአንድ ወዳጃችን በተዋስነው ነበር። የጠየቅነው የፎስፌት ዲጂታል መለኪያ፣ የሪፍራክቶሜትር ማስተካከያ ፈሳሽና የክሎሪን መመርመሪያ ነው። ዋጋው ሲደመር ከጥቂት ኮራሎች ዋጋ አይበልጥም። ደጋፊዎቻችን ኮራል ልትገዙልን ማሰባችሁ ትልቅ ደግነት ነው፤ ነገር ግን ምክንያቱ ሳይታወቅ የገባ አዲስ ኮራል የሞተውን ተከትሎ ይሞታል።

ከመጨረሴ በፊት ስለ ጤናችን። በቤታችሁ አኳሪየም ያላችሁም፣ ሥራውን ልትማሩ የተመዘገባችሁም ስሙኝ። አንዳንድ ዞአዎች፣ በተለይም ፓሊቶአ የሚባሉት፣ ፓሊቶክሲን የሚባል እጅግ ከባድ መርዝ አላቸው። በአላስካ ከ2012 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት በሱቅና በመኖሪያ ቤት መርዙን ከአየር ስበው ታመሙ ተብለው የተጠረጠሩ ሰዎች ጉዳይ በጤና ባለሥልጣናት ተመዝግቧል። ዞአ ያለበትን ድንጋይ በፍጹም አትቀቅሉ፤ የፈላ ውሃ አታፍስሱበት፤ በደረቁ አትፈግፍጉት። እንፋሎቱም ብናኙም መርዙን ይይዛል። ስትነኩ ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርጉ፤ እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ለሌላ ሰው ተዉት። ከዚያ በኋላ አፋችሁ ብረት ብረት ካለ፣ ሳል፣ ትኩሳት፣ የጡንቻ ሕመም ወይም ድካም ከመጣባችሁ ጊዜ ሳታጠፉ ወደ ሐኪም ሂዱ። «ኮራል ነክቼ ነበር» ብላችሁ ንገሩ፤ ካልነገራችሁት ሐኪሙ ጉንፋን ብሎ ሊመልሳችሁ ይችላል። በብዙ ቤት ልጆች አሉ፤ ባልዲውና መፋቂያው ከወጥ ቤት ዕቃ ጋር አይታጠብ።

መለኪያዎቹን እዚያ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫቸዋለሁ። ከሻይ በኋላ መሞከር የምትፈልጉ ኑ፤ ሁለት ጠርሙስ ውሃ አምጥቻለሁ፣ አንዱ ልክ ነው፣ አንዱ ጨው በዝቶበታል፤ የትኛው እንደሆነ ለክታችሁ ንገሩኝ። ልጆቹ የመጠጥ ውሃ መስሏቸው እንዳያነሡት ብቻ አደራ።