ሎጥ በዓይኑ መረጠ

ሎጥ ለምለሙን የዮርዳኖስ አገር አይቶ መረጠ፤ ስለ ሰፈሩ ሰዎች ሲጠይቅ ግን አናነብም። እኔም ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ስዛወር እንደ እርሱ ሆንኩ፤ እኔን ያማለለኝ ርካሽ ኪራይ ነበር። ደላላው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ወሰደኝ። ዕለቱ እሑድ ነው፣ መንገዱ ጭር ብሏል፣ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። በቃ፣ ቀብድ ከፈልኩ!

ሰኞ ጠዋት የታክሲውን ሰልፍ አየሁት። ከዚያ ወዲያ ልጆቼ ሳይነሡ እወጣለሁ፣ ከተኙ በኋላ እገባለሁ። ትንሿ ልጄ የቤት ሥራዋን በስልክ ታነብልኛለች፤ እኔ ሰልፍ ላይ ቆሜ አርማለሁ። ወገኖቼ፣ ይህ ርካሽ ነው ትላላችሁ?

ቤት የምትፈልጉ ሁሉ፣ በሥራ ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ሄዳችሁ ታክሲ ተጋፉ። ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ደላላውን ሳይሆን ባለሱቁን ጠይቁ። የትራንስፖርቱን ወጪ ከኪራዩ ጋር ደምሩ። የስድስት ወር ቅድሚያ አምጡ ካሏችሁ፣ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከሁለት ወር በላይ አይፈቅድም (ይህን ብዙዎቻችን አናውቅም)።

እኛ በኋላ ለሥራዬ ቅርብ ወደሆነ አንድ ክፍል ቤት ገባን። ሶፋው በበሩ አልገባ ስላለ ሸጥነው። ልጄ አሁን ደብተሯን አልጋው ላይ ዘርግታ ትጠብቀኛለች።